እስከ ጠባሳው

በአባቴ ቀኝ ቅልጥም ላይ፣ ከቁርጭምጭሚቱ አንድ ስንዝር ከፍ ብሎ፣ ዶማ ያሳረፈበት ጠባሳ አለ። ለሰፈራችን ሰው ያ ጠባሳ ሕግ ነበር። አልቀለድኩም።

ሰፈራችን በጋሞ አገር፣ ከላንቴ አለፍ ብሎ ሙዝ ውስጥ ነው። ውሃ የምናገኘው ከአንድ ቦይ ነው፤ ቦዩ ከላይ ከወንዙ ይነሳና አርባ ያህል ማሳ እያጠጣ ቁልቁል ይወርዳል። አባቴ ኦይታ የውሃ አባት ነበር፤ ማን መቼ እንደሚያጠጣ የሚወስን፣ ሰው ሁሉ እጁን አውጥቶ የመረጠው ሰው ማለት ነው። ጠዋት ጠዋት ሱሪውን ጠቅልሎ በባለተራው ማሳ አፍ ላይ ቦዩ ውስጥ ይቆማል። ውሃው ጠባሳውን ከነካ "እስከ ጠባሳው!" ብሎ ይጮሃል። ባለተራውም ጎንበስ ብሎ በዓይኑ ካየ በኋላ ውሃውን ወደ ሙዙ ይለቀዋል። ካልነካ ደግሞ ከላይ የሆነ ሰው ሰርቋል፤ አባቴ ቦዩን ይዞ ሽቅብ ይወጣል፣ ሌባው የገዛ ወንድሙ ቢሆን እንኳ የውሃ በሩን ዘግቶበት ይመለሳል። ሜትር የለ፣ ወረቀት የለ። እግር ብቻ።

ሌላም ሕግ ነበር፤ የውሃ አባት ማሳ የሚጠጣው ከሁሉም በኋላ ነው። በዚህ ምክንያት የእኛ ሙዝ ከሰፈሩ ሙዝ ሁሉ ከሲታ ነበር። እኔ ያኔ ዘጠኝ ዓመቴ ነው። የሌላው ልጅ አባት ባጃጅ አለው፣ የቆርቆሮ አጥር አለው፣ ቢያንስ ጫማ አለው። የእኔ አባት ያለው ከሲታ ሙዝና ጭቃ ውስጥ የሚውል ባዶ እግር ነው። አፍርበት ነበር። አሁን አስራ ስምንት ሞልቶኝ ሳስበው፣ ለማፈር ቸኩዬ ነበር። ትንሽ ብጠብቅ ኖሮ የሚያሳፍረው ራሱ ይመጣልኝ ነበር።

የመጣውም በጥር ወር በነጭ ፒካፕ ነው። ስሙ አቶ ልዑልሰገድ ይባላል። ከከተማ፣ ከአንድ ቢሮ ነው አሉ። የትኛው ቢሮ እንደሆነ እስከ ዛሬ አላውቅም፤ ኃላፊ መሆኑን ግን ገና ከመኪናው ሳይወርድ ታውቃላችሁ፣ በሩን ሌላ ሰው ነው የሚከፍትለት። ትውልዱ ሰሜን ነው፣ አማርኛው እንደ ሬዲዮ ነው። እኛ እርስ በርሳችን የምናወራው በጋሞኛ ነው፤ እሱ ሲመጣ ግን ሁላችንም አማርኛችንን እንደ እሁድ ልብስ ከሳጥን እናወጣለን። የአባቴ አማርኛ ደግሞ ወንድና ሴት አይለይም። እናቴን "ወርቂቱ መጣ" ይላታል፣ በሬውን "ጠፋች" ይለዋል። አቶ ልዑልሰገድ ይህን ሲሰማ ሆዱን ይዞ ይስቃል።

"መጣች፣ ወንድሜ! መጣች! ሚስትህን ወንድ አደረግካት እኮ!"

አባቴ አብሮት ይስቃል። እኔም እስቃለሁ። ትምህርት ቤት አማርኛ ላይ አንደኛ ነበርኩና ከአቶ ልዑልሰገድ ጋር አንድ ወገን የሆንኩ ይመስለኝ ነበር።

በዚያ ዓመት ከቦዩ አናት ላይ አዲስ የፓፓያ እርሻ ተከፍቶ ነበር። ባለቤቱን አይተነው አናውቅም። ትልልቆቹ "ኢንቨስተሩ እንዲህ አለ፣ ኢንቨስተሩ እንዲያ አደረገ" ሲሉ ስሙ ነው ብዬ ያዝኩት። በጸሎት ቤት የልጆች ተራ ሲደርሰኝ ዓይኔን ጨፍኜ "ጌታ ሆይ፣ ጋሽ ኢንቨስተርን ባርክ" ብያለሁ። ጸሎቴ ተሰምቷል፤ ሰውየው ዛሬ ሁለት እርሻ አለው።

አንድ ቀን ለአባቴ የተቀቀለ ስኳር ድንች ይዤለት ስሄድ አቶ ልዑልሰገድ ከማንጎው ሥር አብሮት ተቀምጧል። ከቦዩ ዳር ተቀምጦ የታሸገ ውሃ ይጠጣል።

"ወንድሜ ኦይታ፣ ግትር ነህ" አለው። "ግትርነትህን ተው። መሪ ሰው ለዘብ ይላል።"

"ውሃ ትንሽ ናት፣ ጌታዬ። እርሻው እጥፍ ከወሰደ ታች አትደርስም።"

"ዘንድሮን ብቻ! ፓፓያው ገና ችግኝ ነው። አንተ ይቺን ከተባበርከኝ እኔ ሲሚንቶ አስመጣለሁ። ቦዩ ከላይ እስከ ታች በሲሚንቶ ይሠራል፣ ጠብታ አይባክንም። ይሄ ለማን ነው? ለእኔ ነው? ለሕዝቡ ነው! ትልቁን ነገር እይ እንጂ።"

አባቴ ድንቹን ልጦ ልጦ ሳይበላ አስቀመጠው። "ሰው ያያል" አለ። "ጠዋት ጎንበስ ብሎ ጠባሳውን ያያል።"

አቶ ልዑልሰገድ የአባቴን እግር ትክ ብሎ አየ። ሰው የሰው እግር ያን ያህል ሲያይ አይቼ አላውቅም።

"ስንት ቁጥር ጫማ ነው የምታደርገው?"

አባቴ አላወቀም። ሠላሳ ስምንት ዓመቱ ነበር፤ ቁጥሩን የጠየቀው ሰው ኖሮ አያውቅም።

እኔ ከዚያ ሁሉ ወሬ የገባኝ አንድ ነገር ነው፤ ሰውየው ሐኪም ነው። አባቴ እኮ ከጠዋት እስከ ቀትር ውሃ ውስጥ ቆሞ ሲወጣ እግሩ ግትር ይላል፤ እናቴ በቅቤ ታሸዋለች። ይኸው ሰውየው ግትር ነህ አለ፣ ለዘብ በል አለ፣ እግሩን መረመረ፣ ቁጥር ጠየቀ። በሳምንቱ ደግሞ መድኃኒቱን ይዞ መጣ፤ እስከ ጉልበት የሚደርስ፣ ጥቁር፣ የሚያብረቀርቅ የጎማ ቦቲ።

ሽልማት መሆኑን ለአገር ሁሉ ነገርኩ። ከፒካፑ እስከ ቤታችን እኔው ራሴ ነኝ የወሰድኩት፣ አንዱን በግራ አንዱን በቀኝ አንጠልጥዬ በሰፈሩ መሀል አሳልፌዋለሁ። እናቴ በር ላይ ቆማ ጠበቀችኝ።

"ይሄ ነገር ከቤቴ ደፍ አያልፍም።"

"እማ፣ ጭቃ የለበትም እኮ! አዲስ ነው!"

"ጭቃውማ አለበት" አለች።

ገልብጬ ሶሉን አሳየኋት። ንጹሕ ነው። እናቴ ዓይኗ ደክሟል ብዬ አዘንኩላት።

ቦቲው አርባ አንድ ቁጥር ነበር። የአባቴ እግር አርባ ሦስት ነው። ሰው ራሱን ሲሸጥ ቢያንስ ልክ የሆነውን ጫማ አይጠይቅም?

ከዚያ በኋላ አባቴ ጠዋት ጠዋት በቦቲው እያነከሰ ቦዩ ውስጥ ይገባል። "እስከ ጠባሳው!" የሚለው ድምፁ ከበፊቱ በጣም ጨመረ፤ ሲሚንቶው ገና ሳይመጣ ድምፁ መጣ። ባለተራው ጎንበስ ይላል። የሚያየው ጎማ ነው። ጎማ ጠባሳ የለውም።

"የት ጋ ነው ጠባሳው፣ ጋሽ ኦይታ?"

"እዚህ ጋ" ይላል አባቴ በጣቱ ቦቲውን ነካ አድርጎ።

ያ ጣት በየሳምንቱ ወደ ታች ይወርድ ነበር። እኔ በዓይኔ አይቻለሁ። በጥር መጨረሻ አንድ ስንዝር ላይ ነበር፣ በየካቲት አጋማሽ ሦስት ጣት ላይ ደረሰ። ትልልቆቹ በየአጥሩ ሥር "የኦይታ ጠባሳ ወረደ" ሲባባሉ ሰምቼ ጌታን አመሰገንኩ። መድኃኒቱ እየሠራ ነው፤ እንዲህ ከወረደ በመጋቢት በተረከዙ ይወጣል ብዬ ነበር።

ከቦዩ ጭራ፣ ከእኛ ማሳ በፊት የመጨረሻዋ እትዬ አገኘሽ ነበረች። ባሏ ሞቷል፤ ያላት ያ ሙዝ ብቻ ነው። ከትምህርት ቤት ስመለስ ሸንኮራ ቆርጣ የምትሰጠኝ እሷ ነበረች። የሙዟ ቅጠል መጀመሪያ ጠርዙ ቢጫ ሆነ፣ ቀጥሎ ተጣጠፈ፣ ቀጥሎ ነፋስ ሲመጣ እንደ ወረቀት መንኳኳት ጀመረ። አንድ ቀን ከአጥራችን ወዲያ ቆማ እናቴን ጠራቻት።

"ወርቂቱ፣ ባልሽን እግርህን አሳየኝ በዪልኝ።"

እናቴ ወደ አጥሩ ጠጋ አለች። "እኔም ካየሁት ቆየሁ፣ አገኘሽ" አለች።

ደነገጥኩ። የሰው ባል እግር ማየት ምን ያደርግላታል? እናቴስ ባሏን እንዲህ አሳልፋ ትሰጣለች? በማግስቱ እትዬ አገኘሽ ሸንኮራ ስትሰጠኝ አልቀበልም ብዬ አፍንጫዬን ነፍቼ አለፍኩ። አለፍኩ እኮ! ሙዟን እያደረቅንባት ሸንኮራዋን ተጠየፍኩባት።

አባቴ አንድ ነገር ላይ ግን ከሌባ ሁሉ ይለያል። ሌላው ሲሰርቅ ቤቱ ይጠግባል። የእኛ ማሳ መጨረሻ ስለሆነ የእኛም ሙዝ ከእትዬ አገኘሽ ሙዝ ጋር አብሮ ደረቀ። የሕዝቡን ውሃ አሳልፎ ሰጥቶ የራሱን ማሳ ያደረቀ ሰው ከአባቴ ሌላ እስካሁን አላየሁም። እናቴ በዚህ ስትናገረው "ሲሚንቶው ይመጣል" ይላታል። ጠዋት ሲሚንቶው ይመጣል፣ ማታ ሲሚንቶው ይመጣል። ሲሚንቶ ዘመዳችን መስሎኝ ነበር።

መጣም። በመጋቢት ሲሚንቶው መጣ፣ እንግዶች መጡ፣ ድንኳን ተተከለ፣ ጠረጴዛ ላይ የታሸገ ውሃ ተደረደረ። ከቦዩ ዳር ትልቅ ታፔላ ቆመ፤ "ሞዴል የመስኖ ልማት" ይላል። ሲሚንቶው የደረሰው ለታፔላው ሁለት እግርና ከታፔላው ፊት ለፊት ላለው አሥር እርምጃ ቦይ ነው፣ ፎቶ ውስጥ የሚገባውን ያህል። የቀረው ቦይ አፈር ነበር፣ አፈር ሆኖ ቀረ። አቶ ልዑልሰገድ ሪባን ቆረጠ፣ ተጨበጨበ፣ "አሁን ሞዴል የውሃ አባታችን መልእክት ያስተላልፋሉ" ብሎ ማይኩን ለአባቴ ሰጠው።

አባቴ በቦቲው ቆመ። እኔ ከፊት ተቀምጫለሁ፣ ጸጉሬ አዲስ ተሠርቷል።

"የተከበራችሁ እንግዶች፣ ሲሚንቶ መጣች፤ አመሰግናለሁ" አለ።

እንግዶቹ ፈገግ ፈገግ አሉ። እትዬ አገኘሽ ከሴቶቹ ፊት ተቀምጣ ነበር፤ ጭኗ ላይ አንድ ደረቅ የሙዝ ቅጠል ዘርግታለች፣ ሌላ ምንም አላደረገችም። አባቴ ቅጠሉን አየ። ማይኩ ትንፋሹን ያሰማናል።

"ግን" አለ፣ "ግን አገኘሽ ተበደለ። ውሃ ለእሱ አልደረሰችም። እኔ..."

"ተበደለች!" አለ አቶ ልዑልሰገድ እየሳቀ፣ ያለ ማይክም ይሰማል። "ተበደለች ነው የሚባለው፣ አቶ ኦይታ! ዛሬም ሴቶቻችንን ወንድ አደረግክብን!"

እንግዶቹ ሳቁ። እንግዳ ሲስቅ ዝም ማለት ነውር ነውና የእኛም ሰው ሳቀ። ከዚያ፣ አሁንም ፊቱ ይታየኛል፣ አባቴም ሳቀ።

"አዎ፣ ተበደለች" አለ። "አመሰግናለሁ።" ተቀመጠ።

ሰዋስዉ ታረመ። በደሉ እንዳለ ቀረ።

እኔ በደል ምናምን አልገባኝም። የገባኝ አባቴ ላይ መሳቃቸው ነው። ከዚያ በፊት አብሬ ስቄ አውቃለሁ፤ ድንኳን ሙሉ ሰው ሲስቅበት ግን ሌላ ነው። ተነስቼ ሮጥኩና ማይኩን ከጠረጴዛው ላይ አነሳሁት።

"አባቴ ጎበዝ ነው!" አልኩ፣ በዚያ አንደኛ በወጣሁበት አማርኛ። "ይሄን ቦቲ የሸለሙት አቶ ልዑልሰገድ ራሳቸው ናቸው! አባቴ ለጋሽ ኢንቨስተር ፓፓያ እጥፍ ውሃ ስለሰጠ ነው! ጠባሳውን ሰው እንዳያይ ነው! ሲሚንቶውም የመጣው በአባቴ ነው!"

ወንዱን ወንድ፣ ሴቱን ሴት አድርጌ ነው የተናገርኩት። ማንም አላረመኝም። የሳቀም የለም። ድንኳኑ ውስጥ የሚሰማው የእትዬ አገኘሽ ቅጠል ብቻ ነበር። እኔ ጭብጨባ ጠበቅኩ።

የተነሱት የሰፈራችን ሽማግሌ አሮን ናቸው። እንደ ደንቡ እርጥብ ሳር በእጃቸው ይዘዋል። በጋሞኛ ነው የተናገሩት፤ እንግዶቹ እንዲገባቸው አልፈለጉም፣ ወይም ደንታ አልሰጣቸውም።

"ኦይታ፣ አውልቅና ግባ።"

ቦቲው አልወልቅ አለ። እግሩ አብጦ ነበርና ሁለት ሰው ይዞ ጎተተለት። ሲወጣ የሁለቱ አውራ ጣቶቹ ጥፍር ጠቁሯል። እንደዚያ ሆኖ ታፔላው ፊት ለፊት፣ አዲሱ ሲሚንቶ ላይ፣ ቦዩ ውስጥ ገብቶ ቆመ።

ውሃው ቁርጭምጭሚቱን አልሸፈነም። ጠባሳው አንድ ስንዝር ከፍ ብሎ፣ ደርቆ፣ ነጥቶ፣ ቅንጣት ሳይወርድ በነበረበት ተቀምጧል። ሰዉ አንድ በአንድ እየተነሳ መጥቶ ጎንበስ ብሎ አየ፣ እንደ ድሮው። እትዬ አገኘሽ መጨረሻ መጣች። አይታ ቀና አለችና ቅጠሏን ውሃው ላይ ጣለችው። ቅጠሉ የአባቴ እግር ጋ ደርሶ ቆመ፤ የሚገፋው ውሃ አልነበረም።

እኔ ምን መሰለኝ መሰላችሁ? በጸሎት ቤት የተማርነው የእግር እጥበት መሰለኝ። አባቴን እያከበሩት ነው፤ አሁን ፎጣ ይመጣል ብዬ እናቴን ፈለግኩ። እናቴ ነጠላዋን ፊቷ ላይ አድርጋ ነበር።

ጎረምሶቹ ድንጋይ ሊያነሱ ሲሉ ሽማግሌው አሮን ሳሩን መሬት ላይ አጋድመው አስቀመጡት። ሳር ከተቀመጠ ማንም አያልፍም። አቶ ልዑልሰገድም "ትንሽ አለመግባባት ነው፣ በውይይት ይፈታል" ብሎ እንግዶቹን ይዞ ሄደ። የተረፈውን የታሸገ ውሃ መኪና ላይ ማስጫን አልረሳም። በዓመቱ እድገት አገኘ አሉ።

አባቴ ከውሃ አባትነት ወረደ። ስሙም "ቦቲ" ሆነ፣ እኔም የቦቲ ልጅ ሆንኩ። ትምህርት ስድስተኛ ክፍል ላይ ያቆምኩት ግን በዚህ አይደለም፣ በሒሳብ ነው። የእትዬ አገኘሽ ሙዝ አልተረፈም። ቆርጣ ጣለችውና እዚያው ፓፓያ እርሻ ቀን ሠራተኛ ሆና ገባች፤ ዛሬም ጠዋት ጠዋት የገዛ ውሃዋን በባልዲ ለጋሽ ኢንቨስተር ችግኝ ታጠጣለች። ሸንኮራውን አልቀበልም ማለቴን ታስታውሰው እንደሆነ ጠይቄያት አላውቅም። እኔ ደፋር ነኝ ይላሉ። ለዚያ አልደፈርኩም።

ከአባቴ በኋላ ሦስት የውሃ አባት ተመረጠ። አንዱ ፈራ፣ አንዱ ሸጠ፣ አንዱ ሻሸመኔ ሄዶ ቀረ። በመሀል ከቢሮ ቁጥር የተጻፈበት ብረት መጥቶ ቦዩ ውስጥ ተተከለ፤ በሁለት ወሩ ተነቅሎ የአንዱ ቤት በር መቀርቀሪያ ሆኗል። ዘንድሮ በየስብሰባው ስለፈልፍ የሰለቻቸው ሽማግሌው አሮን "አቢጋኤል አፍ አላት፤ እስቲ እግርም ካላት እንያት" አሉና ተመረጥኩ። የውሃ እናት ይሉኛል። መጀመሪያ ለቀልድ ነበር።

ችግሩ እኔ ጠባሳ የለኝም። ቁመቱን በትክክል የሚያውቅ ደግሞ አንድ ሰው ብቻ ነው። ስለዚህ ጠዋት ጠዋት አባቴ ቦዩ ዳር ይንበረከካል፣ ቅልጥሙን ከቅልጥሜ ጎን ያስጠጋል፣ እናቴ ከጨንቻ ገበያ ያመጣችውን ቀይ የጥጥ ክር በጠባሳው ልክ እግሬ ላይ ያስርልኛል። ሁለት ቋጠሮ። አንድም ቀን ዝቅ አድርጎ አስሮ አያውቅም፤ አረጋግጣለሁ፣ በስንዝሬ እለካዋለሁ፣ እያየኝ። እሱም ለክቼ እስክጨርስ ይጠብቃል።

ባለፈው ማክሰኞ ክሩን አስሮልኝ ገና ውሃ ውስጥ እንደቆምኩ መኪና መጣ። ነጭ አይደለም አሁን፣ ጥቁር ነው። አቶ ልዑልሰገድ ሆዱን አስቀድሞ ወረደ። እኔን አላወቀኝም።

"አንቺ ነሽ የውሃ አባቷ? ጎበዝ! ሴት መሪ እንዲህ ነው የምንፈልገው። ያው በዚህ ወር የላይኛው እርሻ ትንሽ ችግር ገጥሞታል፣ አንቺ ደግሞ ለዘብ ያልሽ ልጅ ትመስይኛለሽ..." ቁልቁል እግሬን አየ። ክሩን አየ። "ውይ፣ የኔ ልጅ! በዚህ ጭቃ በባዶ እግርሽ? ስንት ቁጥር ነው የምታደርጊው?"

አፌ ሙሉ ስድብ ነበር፤ ዘጠኝ ዓመት ያጠራቀምኩት። ግን ቀደመኝ። አባቴ የክሩን ጥቅል እንደያዘ ከተንበረከከበት ተነሳ።

"ልጄ ባዶ እግሩን ነው" አለ።

አቶ ልዑልሰገድ ዞሮ አየውና ፊቱ በራ። "ኦይታ! አንተ ነህ እንዴ? እግሯን ናት ነው የሚባለው! አይ ያንተ ነገር፣ ዛሬም አልተማርክም!" ሆዱን ይዞ ሳቀ፣ አብረን እንድንስቅ አንዴ እሱን አንዴ እኔን እያየ።

አባቴ አልሳቀም። ሳቁ እስኪያልቅ ጠበቀ።

"ባዶ እግሩን ነው" አለ ደግሞ።

ጎንበስ ብዬ አየሁ። ውሃው ክሩን አልነካም፤ ሦስት ጣት ይቀረዋል። ቀሚሴን ወገቤ ላይ ሸጎጥኩና ቦዩን ይዤ ሽቅብ ጀመርኩ።

"ሴትዮ፣ ወዴት ነው?" አለ አቶ ልዑልሰገድ ከኋላዬ።

"ጋሽ ኢንቨስተርን ልባርከው" አልኩት።